ጨዋማ የጉድጓድ ውኃ ይዞ ፍራፍሬ ማልማት፦ ለአዳማና አካባቢዋ ጓሮዎች ዝርዝር መመሪያ

በአዳማ ዙሪያ በጉድጓድ ውኃ የሚያድግ የአቮካዶ ችግኝ ሲሞት አብዛኛውን ጊዜ የሚሞተው በአንድ ዓይነት መንገድ ነው። ጥር ላይ የአሮጌ ቅጠሎቹ ጫፍ ቡናማ ይሆናል። ባለቤቱ «ተርቧል» ብሎ ዩሪያ ይጨምርለታል። ቃጠሎው ከጫፍ ተነሥቶ በጠርዙ በኩል ይወርዳል። ቀጥሎ «ጠምቶታል» ይባልና ማታ ማታ አንድ አንድ ባልዲ ይፈስበታል። ሚያዝያ ላይ ግንዱ ብቻ ቆሞ ይቀራል።

ሁለቱም እርምጃዎች ከመልካም ልብ የመጡ ናቸው፤ ሁለቱም ግን ዛፉን የሚገድሉ ናቸው። በየማታው የምትፈሰው ጥቂት ውኃ ትተናለች፣ ጨዉን ግን እዚያው ሥሩ ላይ ትታ ትሄዳለች። ማዳበሪያም ቢሆን አፈር ውስጥ ሲሟሟና ሲለወጥ ያው የጨው ጭነት ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለውን ቅደም ተከተል አትቀያይሩ። በተለይ ማጠብ፣ ማለትም ጨዉን በብዙ ውኃ ከሥሩ በታች መግፋት፣ ማዳበሪያ ከመመገብ እንደሚቀድም ያዙ።

ከመጀመራችሁ በፊት የሚያስፈልጋችሁ

ኢሲ ሜትር የሚባለው በእጅ የሚያዝ የጨው መለኪያ፣ ጥቂት ሊትር የተጠራቀመ የዝናብ ውኃ፣ የኩሽና ሚዛን፣ 20 ሊትር የሚይዝ ጀሪካን፣ አንድ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ቀጭን ፌሮ እና ደብተር። ደብተሩን እንደ ቀላል ነገር አትዩት። ጨው የሚጠራቀመው በወራት ውስጥ ስለሆነ ቀንና ቁጥር ያልጻፈ ሰው ጉዳቱን የሚያውቀው ቅጠሉ ከተቃጠለ በኋላ ነው።

ደረጃ 1፦ ውኃውን ለኩ

1. ፓምፑን ከ10 እስከ 15 ደቂቃ አስነሡና የቆመው ውኃ ይውጣ። ከሮቶ ውስጥ ናሙና አትውሰዱ።
2. ንጹሕ የፕላስቲክ ጠርሙስ በዚያው ውኃ ሦስት ጊዜ አለቅልቁ፤ ከዚያ አየር ሳይቀር እስከ አፉ ሙሉና ክደኑ።
3. በመለኪያው አንብቡ። መለኪያው 1000 ማይክሮ ሲመንስ በሴንቲ ሜትር ካሳየ 1.0 ዴሲ ሲመንስ በሜትር ማለት ነው። በዚህ ጽሑፍ የምጠቀመው በሁለተኛው ነው።
4. የቀረውን ወደ አፈርና ውኃ ላቦራቶሪ ውሰዱ። «ውኃውን መርምሩልኝ» ብቻ አትበሉ። ኢሲ፣ ፒኤች፣ ካልሲየም፣ ማግኒዚየም፣ ሶዲየም፣ ካርቦኔትና ባይካርቦኔት፣ ክሎራይድ እና ቦሮን እንዲለኩላችሁ በጽሑፍ ጠይቁ።

ኢሲው፣ ማለትም የጨው መለኪያው ቁጥር፣ ከ0.7 በታች ከሆነ ጨዉ በራሱ አያሳስብም። ከ0.7 እስከ 3.0 ይህ መመሪያ የሚያስፈልግበት መስክ ነው። ከ3.0 በላይ ከሆነ ለአቮካዶ፣ ለማንጎና ለብርቱካን ያንን ውኃ እርሱት።

አዳማ የምትገኘው በስምጥ ሸለቆ ውስጥ ነው፤ በዚህ ምድር የጉድጓድ ውኃ ብዙ ጊዜ ሶዲየምና ባይካርቦኔት ይበዛበታል። ይህን በቤትም መጠርጠር ይቻላል። ሳሙናው በቀላሉ የሚያረፋ፣ እጅ ላይም የሚያሙለጨልጭ ውኃ ከሆነ ሶዲየሙ በዝቶ ካልሲየሙ ሳያንስ አልቀረም። ማንቆርቆሪያ ውስጥ ወፍራም ነጭ ቅርፊት የሚያስቀምጥና ሳሙና የማያረፋ ከሆነ ደግሞ ካልሲየም አለው፤ ለአፈራችሁ ይህኛው ይሻላል። በነገራችን ላይ በዚሁ ምድር የፍሎራይድ ችግርም አለ። ውኃው ለዛፍ ተስማማ ማለት ለልጆች መጠጥ ይሆናል ማለት አይደለም።

ደረጃ 2፦ አፈሩን ፈትኑ

ጨውና ሶዲየም ሁለት የተለያዩ በሽታዎች ናቸው፤ መድኃኒታቸውም ይለያያል። ጨው ዛፉን ውኃ እንዳይጠጣ ያደርገዋል። ሶዲየም ግን አፈሩን ራሱን ይበትነዋል፤ ቀዳዳዎቹ ይደፈናሉ፣ ውኃ አይሰርግም፣ ሥርም አየር ያጣል።

የሶዲየም ፈተና፦ ከዛፉ ሥር፣ ከ20 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት፣ የአውራ ጣት ጥፍር የሚያህል ደረቅ የአፈር ጓል አውጡ። በብርጭቆ የዝናብ ውኃ ውስጥ ቀስ ብላችሁ አስቀምጡት፤ አትነካኩት፣ አታማስሉት። ከጥቂት ሰዓታት በኋላ በጓሉ ዙሪያ ወተት የመሰለ ደመና ከታየ ሶዲየሙ ከብዷል። ጓሉ ፈርሶ ውኃው ጥርት ብሎ ከቀረ አልከበደም። ፈተናውን በራሱ በጉድጓዱ ውኃ አታድርጉት፤ በውኃው ውስጥ ያለው ጨው ደመናውን ስለሚይዘው ውጤቱ ያታልላችኋል።

የጨው ፈተና፦ ከዛፉ ጥላ ሥር ከሦስት ቦታ፣ ከ10 እስከ 40 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለውን አፈር ቀላቅሉና አድርቁ። 100 ግራሙን በ500 ሚሊ ሊትር የዝናብ ውኃ በጥብጡ፣ እስኪረጋ ጠብቁና ከላይ ያለውን ለኩ። የተገኘውን ቁጥር አፈሩ አሸዋ የሚበዛው ከሆነ በ14፣ መካከለኛ ከሆነ በ10፣ ሸክላማ ከሆነ በ7 አባዙት። ግምት ነው፤ ግን ለመወሰን ይበቃል። ለምሳሌ አሸዋማ አፈር 0.1 ካሳየ 1.4 ነው ማለት ነው።

ደረጃ 3፦ ዛፉ ይህን ይችላል?

አቮካዶ በአፈር ውስጥ ከ1.3 በላይ፣ ብርቱካን ከ1.7 በላይ ሲሆን ምርታቸው መቀነስ ይጀምራል። ማንጎ፣ ሙዝና ሎሚም ከስሱዎቹ ወገን ናቸው። ሮማንና በለስ (ዛፉ እንጂ ቁልቋሉ አይደለም) የተሻለ ይችላሉ፤ ተምር እስከ 4.0 ድረስ ምርቱ አይነካም። ዘይቱንና ቁርቁራም ጠንካሮች ናቸው።

ውኃው ራሱ ከአፈሩ ገደብ ዝቅ ማለት አለበት፤ ምክንያቱም ዛፉ ውኃውን ሲጠጣ ጨዉን ትቶ ስለሚጠጣ አፈሩ ውስጥ ይወፍራል። በጥሩ ሁኔታ እየታጠበ እንኳ ለአቮካዶ የውኃው ልክ 0.9 አካባቢ፣ ለብርቱካን 1.1፣ ለተምር 2.7 ነው። ውኃችሁ 2.0 ከሆነ አቮካዶ ለመትከል የምታወጡትን ገንዘብ ሮማን ላይ አውሉት። ይህን ስናገር ብዙ ሰው ቅር እንደሚለው አውቃለሁ፤ የአቮካዶ ዋጋ ያጓጓል። ግን አምስት ዓመት ውኃ ተሸክሞ ፍሬ አለማየት ከዚህ ይበልጥ ያሳዝናል። የግድ አቮካዶ ከሆነ መሠረተ ግንዱ (ሥር ያለው የታችኛው ክፍል) ከዌስት ኢንዲያን ዝርያ የሆነ ድቅል ፈልጉ፤ ከሜክሲኮ ዝርያ ይልቅ ጨው ይችላል።

ወንዝ ወይም የተጠራቀመ ዝናብ ካላችሁ ቀላቅሉ። 2.0 የሆነ የጉድጓድ ውኃና 0.4 የሆነ ሌላ ውኃ እኩል በእኩል ሲቀላቀሉ 1.2 ይሆናሉ። ንጹሑ ጥቂት ከሆነ ለአዳዲስ ችግኞች ብቻ አስቀምጡት።

ደረጃ 4፦ የዛፉን ሥር አዘጋጁ

1. ግንዱ ከዙሪያው ከፍ ብሎ ይቁም። ውኃ ግንዱን ነክቶ አይደር።
2. ክብ የአፈር ግድቡን ከጥላው ጠርዝ ትንሽ አውጥታችሁ ሥሩ። ጠባብ ገንዳ ጨዉን ከሥሩ አያርቀውም፤ ጨው የሚጠራቀመው ርጥበቱ በሚያልቅበት ጠርዝ ላይ ነው። ጠርዙ ሥሩ መሐል ከሆነ ጨዉም እዚያው ነው።
3. ፌሮውን ውኃ ካጠጣችሁ በማግስቱ ወደ አፈሩ ግፉት። እስከ 60 ሴንቲ ሜትር በቀላሉ ካልገባ ከታች ጠንካራ ንጣፍ አለ። ንጣፉ ሳይሰበር ጨው ማጠብ አይቻልም፤ የሚወርድበት የለማ። ከጥላው ውጪ በአራት ቦታ ጠባብ ጉድጓድ ቆፍራችሁ ንጣፉን ውጉና በብስባሽና በአሸዋ ሙሉ።
4. ከ5 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ጭድ ወይም ደረቅ ቅጠል ጎዝጉዙ፤ ከግንዱ አንድ ስንዝር አርቁት። ትነት ሲቀንስ ወደ ላይ የሚወጣው ጨው ይቀንሳል።

አመድ አትጨምሩ። አንዲት የጎረቤቴ እናት የምድጃቸውን አመድ ለዓመታት በብርቱካናቸው ሥር ሲያፈሱ ኖረዋል፤ ተባይ ይከላከላል ብለው። አመድ አሲዳማ አፈር ባለበት ደጋ ይጠቅም ይሆናል። እዚህ ግን አፈሩ ቀድሞውንም አልካላይን ነው፤ አመዱ በዚያ ላይ ተጨማሪ አልካሊና ጨው ነው። የልብስ እጣቢም እንዲሁ፤ ሳሙናው ሶዲየም ይዟል። ትኩስ ፍግም ጨው አለው፤ እስኪበሰብስ ጠብቁት።

ደረጃ 5፦ የውኃውን መጠን አስሉ

በአንድ ካሬ ሜትር ላይ 1 ሚሊ ሜትር ውኃ ማለት 1 ሊትር ነው። ስሌቱን በአንድ አቮካዶ እንሥራው፦

- የጥላው ስፋት ከዳር እስከ ዳር 4 ሜትር፤ ስለዚህ ጥላው 12.6 ካሬ ሜትር ይሸፍናል።
- በበጋ የቀኑን ትነት 5 ሚሊ ሜትር እንያዝ፤ ዛፉ የዚያን 0.7 እጅ ይጠቀማል። 12.6 × 5 × 0.7 = 44 ሊትር በቀን፣ 308 ሊትር በሳምንት።
- የማጠቢያው ድርሻ፦ የዛፉን ገደብ በ5 አባዙና የውኃውን ኢሲ ቀንሱለት፤ ከዚያ የውኃውን ኢሲ ለተገኘው ቁጥር አካፍሉ። ውኃው 0.9 ከሆነ፦ 0.9 ÷ (5 × 1.3 − 0.9) = 0.16።
- 308 ÷ (1 − 0.16) = 367 ሊትር በሳምንት። ይህ 18 ጀሪካን ያህል ነው።

ይህን 18 ጀሪካን በሰባት ቀን አታከፋፍሉት። አሸዋማ በሆነ አፈር በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ በየጊዜው 9 ጀሪካን ስጡ። ሸክላማ ከሆነ በሳምንት አንዴ ይበቃል። በማለዳ ወይም ማታ አጠጡ፤ ውኃውንም ሥሩ ላይ እንጂ ቅጠሉ ላይ አታርከፍክፉ። ቅጠል በቀጥታ የሚጠጣው ክሎራይድና ሶዲየም ከሥር ከሚመጣው ፈጥኖ ያቃጥላል።

በማግስቱ ፌሮውን ግፉ። እርጥበቱ 60 ሴንቲ ሜትር ካልደረሰ መጠኑን ጨምሩ፤ ድግግሞሹን አይደለም።

ደረጃ 6፦ ሶዲየም ከበዛ ጀሶ

ከላቦራቶሪው ወረቀት የካርቦኔትና የባይካርቦኔትን ድምር ውሰዱና የካልሲየምና የማግኒዚየምን ድምር ቀንሱለት፤ ሁሉም በሚሊ ኢኩቫለንት በሊትር መሆን አለባቸው። ትርፉ ከ1.25 በታች ከሆነ ደኅና ነው። ከ1.25 እስከ 2.5 ክትትል ይፈልጋል። ከ2.5 በላይ ሲሆን ያለ ጀሶ አትጠቀሙበት።

አንድ ሚሊ ኢኩቫለንት ትርፍ ለማካካስ ለአንድ ሜትር ኩብ ውኃ 86 ግራም ንጹሕ ጀሶ ያስፈልጋል። ትርፉ 2.5 ከሆነ 215 ግራም ነው። ያ አቮካዶ በ30 የበጋ ሳምንታት 11 ሜትር ኩብ ውኃ ይጠጣል፤ ስለዚህ 2.4 ኪሎ ግራም ንጹሕ ጀሶ፣ ንጽሕናው 80 በመቶ ከሆነ 3 ኪሎ ግራም። ይህን ለሁለት ከፍላችሁ ጥቅምትና ጥር ላይ በጥላው ሥር ሁሉ በትኑ፣ ከላይኛው አፈር ጋር ቀላቅሉና በደንብ አጠጡ። ፈተናው ወተት የመሰለ ደመና ካሳየ ይህ መጠን ለሚመጣው ውኃ ብቻ የሚበቃ ስለሆነ አፈሩን ለማደስ ተጨማሪ ይፈልጋል፤ ያንን ከአፈር ምርመራ ውጤት ጋር አስወስኑ።

እዚህ ላይ ሰዎች ሁለት ስሕተት ይሠራሉ። አንደኛው በጀሶ ፈንታ ኖራ መጨመር ነው። ሁለቱም ነጭ ዱቄት ናቸው፣ ሁለቱም ካልሲየም አላቸው፤ ኖራ ግን አልካላይን በሆነ አፈር አይሟሟም፣ አፈሩንም የባሰ ያደርገዋል። ሁለተኛው ለግድግዳ ልስን የሚሸጠውን የተጠበሰ ጀሶ መጠቀም ነው፤ ውኃ ሲነካው ይጠጥራል፣ ጓል ይሠራል። ያልተጠበሰ፣ የተፈጨ የጀሶ ድንጋይ ጠይቁ።

ደረጃ 7፦ ማዳበሪያ፣ በዚህ ቅደም ተከተል

1. መጀመሪያ እጠቡ። የሳምንቱን ማጠቢያ ውኃ በሙሉ ስጡ።
2. ከሁለት እስከ ሦስት ቀን ጠብቁ፤ አፈሩ እርጥብ ይሁን እንጂ ውኃ አይቁምበት።
3. ማዳበሪያውን ከግንዱ ቢያንስ ግማሽ ሜትር አርቃችሁ እስከ ጥላው ጠርዝ በስሱ በትኑ። ዩሪያን በዚያው ሰዓት በ5 ሴንቲ ሜትር አፈር ሸፍኑ። አልካላይን በሆነ አፈር ላይ ተገልጦ ካደረ ናይትሮጂኑ አሞኒያ ሆኖ ይተናል፤ ገንዘባችሁ አየር ላይ ነው።
4. ወዲያው በቀላሉ አጠጡ፤ ከመደበኛው ሲሶ ያህል።
5. ቀጣዩን ማጠቢያ ቢያንስ ለአንድ ሳምንት አቆዩት። ማዳበሪያ ሰጥቶ ወዲያው ማጠብ ናይትሮጂኑን ከሥር በታች መስደድ ነው።

ለአንድና ለሁለት ዓመት ችግኝ በአንድ ጊዜ ከ30 ግራም ዩሪያ አትለፉ፤ በሚዛን ለኩት፣ በእፍኝ አይደለም። ለትልቅ ዛፍም በአንድ ጊዜ ከ150 ግራም አትለፉ፤ የዓመቱን ድርሻ ለስድስት ከፋፍሉት። ደጋ ላይ በሁለት ጊዜ የሚሰጠው እዚህ በስድስት ይሰጣል፤ ልዩነቱ ይህ ነው።

ምን ዓይነት ማዳበሪያ? በየገበያው የምናገኘው ኤን ፒ ኤስ 19 በመቶ ናይትሮጂን፣ 38 በመቶ የፎስፈረስ ኦክሳይድና 7 በመቶ ድኝ አለው። በዓመት አንድ ጊዜ፣ በክረምቱ መጀመሪያ፣ አፈር ውስጥ ተቀብሮ ይበቃል። አሞኒየም ሰልፌት ከተገኘ አፈሩን ወደ አሲድ ስለሚስብ ይጠቅማል፤ ጨዉ ግን ከባድ ስለሆነ መጠኑን አሳንሱ። ፖታሲየም ካስፈለገ ሰልፌቱን ምረጡ፤ ክሎራይዱን ለአቮካዶና ለብርቱካን በፍጹም አትስጡ። የክሎራይድ ቃጠሎ ያለበት ዛፍ ካላችሁ ካልሲየም ናይትሬት ከሁሉ ይሻላል፤ ናይትሬቱ ክሎራይዱን ከሥሩ በር ላይ ይጋፋዋል፣ ካልሲየሙም ለአፈሩ ነው።

ማዳበሪያ በጠብታ መስኖ የምትሰጡ ከሆነ ካልሲየም ናይትሬትን ከፎስፌትም ከሰልፌትም ጋር በአንድ በርሜል አትበጥብጡ፤ ዝቃጭ ሆኖ ቱቦውን ይደፍናል። ደግሞ ኢሲ ሜትር ዩሪያን አያይም። ዩሪያ የተበጠበጠበት ውኃ ላይ መለኪያው ዝቅተኛ ቁጥር ቢያሳይ «ገና ነው» ብላችሁ አትጨምሩ፤ በሚዛን የተለካውን እመኑ።

ደረጃ 8፦ የመጀመሪያው ዝናብ ቀን

ይህን ብዙ ሰው አያምነኝም። ከረጅም በጋ በኋላ ቀላል ካፊያ ሲወርድ መስኖውን አታቁሙ፤ እንዲያውም በዚያው ቀን አጠጡ። በጋውን ሙሉ ጨው በገንዳው ጠርዝና በአፈሩ ገጽ ላይ ተከማችቷል። ጥቂት ዝናብ ያንን ጨው አሟምቶ ወደ ሥሩ ይመልሰዋል፤ ከሥሩ አልፎ እንዲወርድ ግን ኃይል የለውም። የእናንተ መስኖ ይግፋው። ማቆም የምትችሉት የክረምቱ ከባድ ዝናብ ተከታትሎ መጥቶ ፌሮው እርጥበቱን 60 ሴንቲ ሜትር ድረስ ሲያሳይ ነው።

በሐምሌና በነሐሴ ግድቡን አታፍርሱት፤ ዝናቡ የዓመቱን ጨው በነጻ የሚያጥብላችሁ ያኔ ነው። ውኃ ከአንድ ቀን በላይ ከቆመ ግን በአንድ በኩል ክፈቱለት፤ የአቮካዶ ሥር ሲታፈን ይበሰብሳል። መስከረም መጨረሻ ላይ የደረጃ 2ን ፈተናዎች ደግማችሁ ጻፉ። ከዚያ ጥርና ሚያዝያ ላይ ውኃውንም አፈሩንም ለኩ።

ሲበላሽ ምን ይደረግ?

*የአሮጌ ቅጠሎች ጫፍ ከተቃጠለ፦* ማዳበሪያ አቁሙ። የሳምንቱን ውኃ በአንድ ጊዜ፣ ከአራት ቀን በኋላም ደግሞ አንድ ጊዜ ስጡ። የተቃጠለው ቅጠል አይመለስም፤ አዲስ የሚወጣውን ተመልከቱ። የተቃጠሉትን አትቁረጡ፤ ግንዱን ከፀሐይ የሚጋርዱት እነርሱ ናቸው።

*አዲስ ቅጠሎች ቢጫ ሆነው የቅጠሉ ደም ሥሮች ብቻ አረንጓዴ ከሆኑ፦* ይህ ጨው አይደለም፣ የብረት እጥረት ነው። ዩሪያም ኤን ፒ ኤስም አይፈውሱትም፤ ፎስፈረሱ ጭራሽ ያባብሰዋል። ብረት ሰልፌት አፈር ላይ ቢበተን እዚህ ታስሮ ይቀራል። ኢዲዲኤችኤ የተባለውን የብረት ኬሌት፣ ማለትም አፈሩ እንዳያስረው ሆኖ የተሠራውን ብረት፣ በሥሩ ስጡ። ከልክ ያለፈ ውኃ እየቆመ እንደሆነም እዩ፤ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ እርሱ ነው።

*ማዳበሪያ ከልክ በላይ ከተበተነ፦* ሳይሟሟ ጠርጋችሁ አንሡ። ከተሟሟ በዚያው ቀን የሁለት ሳምንት ውኃ ስጡ፤ ናይትሮጂኑ ይጥፋ፣ ዛፉ ይትረፍ።

*ውኃ ገንዳው ውስጥ ለሰዓታት ከቆመ፦* በዶማ በጥልቀት አትቆፍሩ፣ የአቮካዶና የብርቱካን ሥር ለገጹ ቅርብ ነው። ጀሶና ብስባሽ በትናችሁ በስሱ ብቻ ኮትኩቱ።

*የጠብታ መስኖው ማንጠባጠቢያዎች ከተደፈኑ፦* ነቅላችሁ ሌሊቱን ኮምጣጤ ውስጥ አሳድሯቸው፤ ጠዋት ነጩ ቅርፊት ለቅቆ ታገኙታላችሁ። የባትሪ አሲድ ለዚህ ሥራ አትንኩ።

*ሁለት ጊዜ ታጥቦም የአፈሩ ቁጥር ካልወረደ፦* ውኃው ወደ ታች እየሄደ አይደለም። ወደ ደረጃ 4 ተመለሱና ንጣፉን ፈልጉ። ንጣፍ ከሌለ ውኃውን እንደገና ለኩ፤ ጉድጓዱ ጥቅምት ላይ የሰጠውን ቁጥር ሚያዝያ ላይ ላይሰጥ ይችላል።